የላስታ ልጆች የዜማ ሰፈር

ልጅን ከቤት አርቆ ዜማና ሽብሸባ ማስተማር ለላስታ አዲስ ነገር አይደለም፤ የቆሎ ተማሪው ጎጆ ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል። ጎረቤቱ ዋድላ በቅኔ፣ በዚያው ያለው ሰለልኩላ ደግሞ በቅዳሴ ዜማ ስማቸው የታወቀ ነው። ደበሎ የለበሰው ልጅ ቀን እህል ይለምናል፣ ማታ ከየኔታ እግር ሥር ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን በጆሮው ይለያል። ለዕድሜ ልክ የሚተርፈው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከድምፁ ይልቅ ሌላውን ሰምቶ አብሮ መጓዝ መልመዱ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላው ቤተ ማርያም ካህናቱ ከዐለቱ አፋፍና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲቀባበሉ የሚታየው ይኸው ነው። ፍሬው ከቤተ ክህነት ውጭም ደርሷል፤ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ቅኔ ቤት ልጅ ነበሩ።

ረሃቡና አርጩሜውስ? የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው፣ ብዙዎች መንገድ ላይ ቀርተዋል። ሰው ያወጣው ግን ረሃቡ ሳይሆን ድግግሞሹና አብሮነቱ ነው። ለዚህም ምስክሩ አሸንድዬ ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች በቡድን ሲጨፍሩ ያለ የኔታና ያለ ዱላ ታላቋ ታናሿን ታሠለጥናለች፤ ቅኔ ቤት በአብዛኛው የነፈጋቸውን መድረክ ራሳቸው ሠርተዋል። ለላሊበላ ልጆች የክረምት ኪነት ማሠልጠኛ የሚያቅድ ሁሉ አሠልጣኝ ከሩቅ ከማስመጣቱ በፊት መሪጌታዎቹንና የአሸንድዬ አውጪዎችን ያማክር።