ጋዜጣ የለበሰው ግድግዳ

ባለፈው ስብሰባችን «ከየቤታችን የሚጣለውን ወረቀት እንዴት እንቀንስ?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ እኔ በሐሳብ የሄድኩት እናቴ ቤት ነበር። ወረቀት የሚጣል ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም።

ድሮ መጻፊያው ብራና ነበር። ለብራና በግ ወይም ፍየል ይታረዳል፤ ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ ነው የሚጻፍበት። በየገዳማቱ ባሉ ጥንታዊ ወንጌሎች ኅዳግ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፉ የተከበረ ምስክር ስለነበረ ነው፤ ባዶ ብራናም እንዲያው የሚተው ነገር አልነበረም።

ኋላ ጋዜጣ መጣ። «ብርሃንና ሰላም» በ1917፣ «አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም. መታተም ጀመሩ። ጋዜጣው ተነቦ ሲያበቃ ባለሱቁ ስኳርና ቡና ይጠቀልልበታል፤ ኮሎ ሻጯ ከአሮጌ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ትሰፍራለች። (የማተሚያ ቀለም ከምግብ ጋር እንደማይስማማ ዛሬ ስለምናውቅ ይህንን እንኳ አልመክርም።) የተረፈው ወደ ግድግዳ ይሄዳል።

እናቴ ዓመት በዓል ሲቃረብ ዱቄት በውኃ በጥብጣ፣ እሳት ላይ አማስላ ሙጫ ትሠራለች። ከዚያ የጭቃውን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ በጋዜጣ ታለብሰዋለች። አቧራውን ይይዛል፣ ንፋሱን ይከለክላል፣ ቤቱንም ያደምቃል። በሚቀጥለው ዓመት በላዩ ላይ ሌላ ይለጠፋል። ሰኔ ላይ ደግሞ ትምህርት ሲዘጋ ከደብተሮቻችን ያልተጻፈባቸውን ገጾች ለይታ በመርፌና በክር ትሰፋቸዋለች፤ ለሂሳብ መለማመጃ አዲስ ደብተር ሆነ ማለት ነው። ከዚያም የተረፈው ለቆራሌው ይሸጣል።

ይህን ስል ያ ዘመን ይመለስ ማለቴ አይደለም። እናቴን ቆጣቢ ያደረጋት እጦት ነው። ወረቀት ራሱ የሚያስፈራበት ጊዜም አይተናል፦ በ1969 ዓ.ም. ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ስንቱ ቤተሰብ መጽሐፉንና ደብዳቤውን በሌሊት ምድጃ ውስጥ ከተተ። ባከነ የምለው ወረቀት ለእኔ ያ ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም ነበር። በልጅነቴ ግድግዳችን ላይ ከነበሩት ጋዜጦች ብዙዎቹ ተገልብጠው የተለጠፉ ነበሩ፤ ፎቶ ያለበትን ብቻ በፎቶው እያየች ታቀናዋለች። እኛ ልጆቹ አንገታችንን አጣመን እናነብና እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እሷም ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ተመዘገበች። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ኩራዙን ከፍ አድርጋ ይዛ ግድግዳው ሥር ትቆማለች፤ አንድ ፊደል ስታገኝ በጣቷ ትነካዋለች። ሌላ የሚነበብ ነገር ቤታችን ውስጥ አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ስታለብስ እኔ ሙጫ አቀባይ ነበርኩ። አንዱን ጋዜጣ ካነሳች በኋላ ቆም አለች፣ ርእሱን በቀስታ አነበበች፣ አዙራ ለጠፈችው።

የዚያን ዓመት ግድግዳችን ላይ አንድም የተገለበጠ ጋዜጣ አልነበረም።