ከፈረንሳይ የመጣ ዘፈን

ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚወጣው የታክሲ ወያላ «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያለ ሲጣራ ፓሪስ የሚደርስ መስሎት የሚገባ ተሳፋሪ የለም። አጼ ምኒልክ ለፈረንሳይ ለጋሲዮን የሰጡት ሰፊ ግቢ ነው ለሠፈሩ ስም ያወጣለት፤ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ስሙን ያነሳሁት ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነው። የእኛው ጃዝና ሶል ዞሮ እጃችን የገባው ከባሕር ማዶው ፈረንሳይ ነው። ከቀበና እስከ መገናኛ የማገኘው ወጣት «ጋሼ፣ ምን ልስማ?» ሲለኝ የምመርጥለት አልበም ሁሉ ማለት ይቻላል የውጭ አሳታሚ ስም አለበት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው አልበሞቹ ላይ የሰፈረው እሱ ስለሆነ ነው።)

ድሮ ሸክላ ማሳተም የፈለገ ሁሉ የሚገባበት ሥራ አልነበረም። መብቱ በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ድንጋጌውን ወደ ጎን አለና ዓለማየሁ እሸቴን አስዘፍኖ፣ ሸክላውን ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። ከዚያ በኋላ በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላና ደርዘን ያህል ትልልቅ አወጣ። ዓለማየሁን «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» ማለት ልማድ ሆኗል፤ እኔ አልወደውም። ጩኸቱና ወገቡ እርግጥ ከዚያ ማዶ ነው። አማርኛው ግን የሚጠብቀውን አጥብቆ፣ የሚላላውን አላልቶ ነው የሚሄደው፤ ይህን ከጄምስ ብራውን አልተማረውም።

ጃዙን የፈለገ ከሙላቱ አስታጥቄ ይጀምር። ጅማ ተወልዶ፣ በዌልስና በለንደን አልፎ፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው። በ1966 ኒውዮርክ ሆኖ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት ሸክላዎች አወጣ። የሥራው አስቸጋሪነት እዚህ ላይ ነው፤ የእኛ ቅኝት፣ ትዝታም በለው አንቺሆዬ፣ አምስት ድምፅ ብቻ ነው። የጃዝ ስምምነት ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ይፈልጋል። ብዙ ካለበሱት ቅኝቱ ይታፈናል፤ ካላለበሱት ጃዝ አይሆንም። ሙላቱ እንዴት እንደሚያመልጥ ለመስማት በ1998 የወጣውን «ኢትዮፒክስ» አራተኛ ቅጽ ይስሙ። ከዚያ በ2025 የወጣውን «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» ያስከትሉ፤ በሰማንያዎቹ ዕድሜው የድሮ ሥራዎቹን በክራርና በማሲንቆ እንደገና የፈተሸበት ነው።

ጌታቸው መኩሪያን ማለፍ አይቻልም። ሽለላና ፉከራን ከጀግና አፍ ወስዶ ሳክስፎን ውስጥ ከተተው። በ2006 ከሆላንዶቹ ዘ ኤክስ ጋር የሠራውን «ሞአ አንበሳ» እንጦጦ ዳገት ላይ ሆኖ መስማት ነው፤ ምኒልክ የነገሡበት የማርያም ደብር አጠገብ ድምፁ ሌላ ይሆናል።

ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፤ አምሃ በ1975 ወጣ። ዋልያስ ባንድ ሂልተን እየተጫወተ በ1977 «ቼ በለው»ን አወጣ፤ በ1981 አሜሪካ ሄዶ ግማሹ እዚያው ቀረ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ። በ1985 የሠራትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና ባያሳትማት ኖሮ በ2018 የወጣውን «ላላ በሉ»ን ባልሰማን ነበር። ባሕር ዳር እኮ! ካሴቷ እኛው ዘንድ ነበረች።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ የማህሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ ነው ወደ አዲስ አበባ የመጣው። በ1997 ፓሪስ ላይ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» በ2017 ሠላሳኛ ቅጹን ያዘ። ከሁሉ አስቀድሜ የማዘው ይህን ቅጽ ነው፤ የግርማ በየነ ነው። ግርማ በዚያ ወርቃማ ዘመን በራሱ ድምፅ ያስቀረጸው አራት ዘፈን ብቻ ነው፤ ያቀናበረው ግን ከስልሳ ይበልጣል። እሱም ከዋልያስ ጋር ሄዶ እዚያው የቀረ ነው። ስልክ ላይ ተጭኖ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የድሮ ዘፈን ደግሞ የዘፋኙን ስም ይዞ ቢመጣ ነው፤ አቀናባሪ፣ ከበሮ መቺ፣ ገጣሚ የሚባል የለበትም። ዘፈኑን እያንጎራጎርን ሰውየውን ልንረሳው ጥቂት ነው የቀረን። አምሃና ዓለማየሁ ሁለቱም በ2021፣ አንዱ በሚያዝያ ሌላው በነሐሴ ማብቂያ፣ አርፈዋል፤ ማን ምን እንደሠራ ከእነሱ መጠየቅ አይቻልም።

ስለዚህ ከተቻለ ሲዲውን ከነደብተሩ ይፈልጉ። ማን ፒያኖ እንደመታ፣ ማን እንዳቀናበረ እዚያ ተጽፏል። የተጻፈው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው።