ከስብ የሚገኙ ግንደ ሕዋሳት፦ የማሳደጉና ጉዟቸውን የመከታተሉ ታሪክ

ከስብ የሚገኙ ግንደ ሕዋሳትን፣ ማለትም ራሳቸውን እየከፈሉ የሚባዙና ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ የመለወጥ አቅም ያላቸውን ሕዋሳት፣ ከአካል ውጭ የማሳደግ ሙያ የተመሠረተው ለሌላ ጉዳይ በተዘጋጀ ዘዴ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካዊው ባዮኬሚስት ማርቲን ሮድቤል ሆርሞኖች በስብ ሕዋስ ላይ የሚያስከትሉትን ለውጥ ለማጥናት ሲሉ፣ ከአይጥ የተወሰደን ስብ ከትፈው፣ ሕዋሳትን አያይዞ የሚይዘውን የፕሮቲን ክር ከሚበጣጥሰው ኮላጅኔዝ ከተባለው ኢንዛይም ጋር በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካናወጡ በኋላ፣ ድብልቁን በሴንትሪፊውጅ አሽከርክረው ለዩት። ስብ ያዘሉት ሕዋሳት ቀላል በመሆናቸው ከላይ ሲንሳፈፉ፣ ሌሎቹ ጥቃቅን ሕዋሳት ከሥር ዘቀጡ። ሮድቤል የፈለጉት ተንሳፋፊውን ነበር፤ ከ30 ዓመት በኋላ ለኖቤል ሽልማት ያበቃቸው ምርምርም በአመዛኙ ከዚሁ የበቀለ ነው። የኋለኛው ትውልድ ሀብት ግን በዝቃጩ ውስጥ ነበር።

በዚያው ዘመን ተመራማሪው አሌክሳንደር ፍሪደንስታይን ሞስኮ ላይ፣ ከአጥንት መቅኔ የተወሰዱ ጥቂት ሕዋሳት በማሳደጊያ ዕቃ ወለል ላይ ተጣብቀው እንደሚባዙና አጥንት መሥራት እንደሚችሉ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ መቅኔ መቅዳት የሚያም ሥራ ሲሆን፣ ስብን በቀጭን ቱቦ መጥጦ የማውጣት ቀዶ ሕክምና ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጣሊያንና በፈረንሳይ ተወልዶ በመስፋፋቱ፣ የሚጣለው ስብ በሊትር የሚሰፈር ሆነ። በ2001 ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ዙክና ባልደረቦቻቸው በሎስ አንጀለስ ይህንኑ ስብ በኮላጅኔዝ አላልተው ከዝቃጩ ያሳደጓቸው ሕዋሳት ወደ አጥንት፣ ወደ ጡንቻ፣ እንዲሁም ለጆሮና ለአፍንጫ ቅርጽ ወደሚሰጠው ልም አጥንት ሊለወጡ እንደሚችሉ አስታወቁ። አሠራሩ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም፤ ዝቃጩ ስኳር፣ አሚኖ አሲድና ብዙውን ጊዜ ከላም ሽል ደም የተዘጋጀ ሴረም ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ተዘርቶ፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለው ሞቃት ሣጥን ይቀመጣል፤ ከወለሉ ያልተጣበቀው ታጥቦ ይደፋል፤ የተጣበቀው ደግሞ ተባዝቶ ወለሉን ሲሞላ ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም ተላቅቆ ወደ አዲስ ዕቃ ይዛወራል።

ማሳደጉ በዚህ መልክ ከተደላደለ በኋላ የቀረው ጥያቄ ሕዋሳቱ ወደ ደም ሥር ሲገቡ ወዴት ይሄዳሉ የሚለው ነበር። ሕዋሳቱ ይረዱታል ተብሎ ከታሰቡት ሕመሞች አንዱ የአንጀት ቁጣ ሲሆን፣ የተቆጣ አንጀት ኬሚካላዊ ጥሪ እንደሚያሰማና ሕዋሳቱም ጥሪውን ተከትለው እንደሚደርሱ በሰፊው ይታመን ስለነበር፣ ተመራማሪዎች ከጄሊፊሽ የተገኘውን አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን፣ ብርሃን የሚያመነጨውን ሉሲፈሬዝን፣ ወይም በማግኔት መሣሪያ የሚታይ የብረት ቅንጣትን በሕዋሳቱ ውስጥ አስቀምጠው ጉዟቸውን ተከታተሉ። ምልክቱ ራሱ ሊያሳስት ይችላል፤ ሕዋሱ ሞቶ በሌላ ሕዋስ ቢዋጥ ቀለሙ በዋጪው ውስጥ እየታየ ይቀጥላልና። በ2009 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በደም ሥር ከተሰጡት ሕዋሳት አብዛኞቹ የሚያዙት በሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ሲሆን፣ ምክንያቱም በዋነኛነት ግዝፈታቸው ነው። በዚያው ዓመት ግን የስፔን ተመራማሪዎች ከስብ የተገኙ ሕዋሳት በአይጦች ላይ የአንጀት ቁጣን እንደሚያበርዱ አሳተሙ። ሁለቱ ግኝቶች አይጣሉም፤ ሕዋሳቱ አንጀትን የሚጠቅሙት በአመዛኙ የአንጀት ሕዋስ ሆነው ሳይሆን፣ የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የሚያረግቡ ንጥረ ነገሮችን በማመንጨት ነው። የዚህ ሙያ ትልቁ ትምህርት የተገኘውም ከማሳደጉ ይልቅ ከክትትሉ ነው ማለት ይቻላል።

በማድሪድ ሐኪሙ ዳሚያን ጋርሲያ ኦልሞ የመረጡት መንገድ ጉዞውን ጨርሶ የሚያስቀር ነበር፤ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2003 ባሳተሙት ዘገባ ክሮንስ የተባለው የአንጀት ቁጣ ባስከተለው ፊስቱላ፣ ማለትም ያለቦታው በተከፈተ ቀዳዳ (በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቀው በወሊድ ሳቢያ የሚመጣው ነው) ላይ የታካሚዋን የራሷን ሕዋሳት በቀጥታ በመርፌ ሰጡ። ከዚህ መስመር የወጣው አሎፊሴል የተባለው መድኃኒት ከሌላ ሰው ስብ ያደጉ 120 ሚሊዮን ሕዋሳትን የያዘ ሲሆን፣ በ2016 በታተመው ሙከራ በ24ኛው ሳምንት 50 በመቶ ያህሉ ታካሚዎች ሲሻላቸው፣ ማስመሰያ ከተሰጣቸው የተሻላቸው 34 በመቶዎቹ ናቸው። በ2018 በአውሮፓ ኅብረት ተፈቀደ። ሁለተኛው ትልቅ ሙከራ ግን በ2023 ከማስመሰያው የተሻለ ውጤት ሳያሳይ ቀረ፤ መድኃኒቱም በታኅሣሥ 2024 ከአውሮፓ ገበያ እንዲወጣ ተደረገ።