የላማ ዘር አጠባበቅ በአንዲስ ተራሮች

ከጥንታውያን መንግሥታት የሚበዙት ጭነታቸውን በአህያ፣ በበቅሎ፣ በፈረስና በግመል ሲያመላልሱ፣ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ላይ የኖሩት ሕዝቦች ግን፣ ከእነዚህ እንስሳት አንዱም በምድራቸው ሳይኖር፣ በሠረገላም ሳይገለገሉ፣ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላም ወደ ባሕር ዳር ሸቀጣቸውን ያደርሱ የነበረው ላማ በተባለው አንገተ ረጅም እንስሳ ጀርባ ነው። ላማ የግመል ወገን ሲሆን፣ የዘሩ ምንጭ ጓናኮ የሚባለው የዱር እንስሳ ነው፤ በፔሩ ደጋ ዋሻዎች የተገኙት አጥንቶች እንደሚመሰክሩትም፣ ሰው ይህን ወገን ማልመድ ከጀመረ 6,000 ዓመት ያህል ሆኖታል።

የዱሩ እንስሳ ለጭነት የበቃው እረኛው ከትውልድ እስከ ትውልድ ሳይታክት በመምረጡ ነው። ለዘር የሚሆነውን አውራ ሲለይ የጀርባውን ቀጥታ፣ የእግሩን ጥንካሬ፣ የቁመናውን ርዝመትና የጠባዩን እርጋታ ይመረምራል፤ ለዘር ያልተመረጡትን ተባዕት ግን አኮላሽቶ፣ አጥንታቸው ሲጠና ጭነት ያለማምዳቸዋል። እንስቶቹ ለመውለድ ይጠበቃሉ፤ እንስቲቱ አሥራ አንድ ወር ተኩል ያህል አርግዛ በአብዛኛው አንድ ግልገል ብቻ ስለምትወልድ፣ አውራ መርጦ የተሳሳተ እረኛ ስሕተቱን ለማረም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። በዚህ ትጋት ፊቱና እግሩ ጠጉር ያልበዛበት ቃራ ለጭነት፣ ጠጉረ ብዙው ቻኩ ደግሞ ለሱፍ ተለይተው ኖሩ። በቅፍለቱ ፊት የሚሄደው መሪ ላማ በአንገቱ ቃጭል፣ በጆሮዎቹም ቀለም የገባ የሱፍ ዘርፍ ይታሰርለታል፤ ጭነቱ ያለ ኮርቻ፣ ከላማ ጠጉር በተሠራ ጆንያ ሆኖ በጀርባው ላይ በገመድ ይጠፈራል። አንድ ላማ 30 ኪሎ ያህል ተሸክሞ በቀን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ከአቅሙ በላይ የጫኑበት እንደ ሆነ ግን በመንገድ ላይ ይተኛል፤ ጭነቱ እስኪቀነስለትም አይነሣም።

በእነዚህ ተራሮች የገዙት የኢንካ ነገሥታት ይህን የእረኞች ጥበብ ወደ መንግሥት ሥርዓት ከፍ አደረጉት። የንጉሡ መንጋና ለፀሐይ አምልኮ የተለየው መንጋ ለየብቻቸው ይጠበቁ ነበር፤ እንስት እንዳትታረድ ተከልክሎ ነበር፤ እከክ የያዘው እንስሳም ሌላውን እንዳይበክል ወዲያው ይቀበር ነበር። ጽሕፈት ስላልነበራቸው፣ የመንጋውን ቍጥር ኪፑ በሚባለው ባለ ቋጠሮ ገመድ ላይ የሚመዘግቡ ሹማምንት ነበሯቸው።

በ1532 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስፔናውያን በካሃማርካ የኢንካውን ንጉሥ አታዋልፓን ከማረኩ በኋላ ግን ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ የመንግሥቱ መንጋ ለወታደር ቀለብ ታረደ፣ እከክ መንጋውን ፈጀው፣ ዘሩን የሚያውቁት እረኞችም በጦርነትና በበሽታ አለቁ። በ1545 በፖቶሲ ተራራ ብር በተገኘ ጊዜ ከተረፉት ላማዎች ብዙዎቹ ለማዕድኑ ሥራ ተጠመዱ፤ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሆሴ ዴ አኮስታ በ1590 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እስከ አንድ ሺህ የሚደርሱ ላማዎች በአንድ ቅፍለት ሆነው እንደሚጓዙ፣ የፖቶሲንም ብር ወደ አሪካ ወደብ እንደሚያወርዱ ጽፏል። የእንስሳው ጉልበት ሲፈለግ የዘሩ ጥበቃ ግን ተዘነጋ፤ ላማና ለሱፉ የሚረባው ዘመዱ አልፓካም ያለ ልክ ተዳቀሉ። ይህ ጥፋት ምን ያህል እንደ ነበረ የሚያሳየው በደቡብ ፔሩ ኤል ያራል በተባለ ስፍራ የተገኘው ማስረጃ ነው፤ በዚያ የዛሬ 1,000 ዓመት ገደማ ተቀብረው በምድሩ ደረቅነት ሳይበሰብሱ የቆዩት ላማዎችና አልፓካዎች ጠጉራቸው ከዛሬዎቹ ይልቅ የቀጠነና የተስተካከለ ሆኖ ተገኝቷል።

ብዙ ሺህ ዓመት የተደከመበት ዘር በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት መበላሸቱ፣ የእንስሳ ዘር የሚጸናው በሚጠብቀው ሰው ዕውቀት መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ የከብቱን ዘር ለማሻሻል የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ እረኛውን ያክብር፤ ያ ሰው የሚያውቀውንም ከእርሱ ጋር ወደ መቃብር ሳይወርድ ጠይቆ ይጻፈው።