ከኮባልት ወደ ብረት፦ የአንድ ማግኔት ታሪክ

ማግኔትነት ለብረት በተፈጥሮ የተሰጠ፣ ለመዳብ ደግሞ የተነፈገ ጠባይ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሆይስለር እ.ኤ.አ. በ1903 ከመዳብ፣ ከማንጋኒዝና ከአሉሚኒየም ማግኔታዊ ቅይጥ ማግኘቱን ባስታወቀ ጊዜ ይህ እምነት ተናጋ፤ ከሦስቱ አንዱም ለብቻው ማግኔት አይሆንምና። ስለዚህ ወሳኙ የአቶሙ ዓይነት ብቻ ሳይሆን፣ በክሪስታሉ ውስጥ ከየትኛው አቶም ጋር፣ በምን ያህል ርቀት መቀመጡም ጭምር ነው።

ይኸው ትምህርት ለኢንዱስትሪ ከፍተኛ ፍሬ የሰጠው ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ካርል ስትርናትና ባልደረባው በአሜሪካ፣ በኦሃዮ፣ አንድ የኢትሪየምና አምስት የኮባልት አቶሞች ያሉት ውሁድ ማግኔትነቱን በአንድ የክሪስታል አቅጣጫ አጥብቆ እንደሚይዝ አሳዩ። በኢትሪየም ቦታ ሳማሪየም ሲተካ ደግሞ በጊዜው አቻ ያልነበረው ማግኔት ተገኘ። ዋጋው ግን ውድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978፣ በወቅቱ ዛይር ትባል በነበረችው ኮንጎ፣ በሻባ ክፍለ ሀገር በተደረገው ውጊያ ሳቢያ የኮባልት ዋጋ ናረ፤ ኮባልትን በርካሹ ብረት የመተካት ጥያቄም አጣዳፊ ሆነ።

መተካቱ ግን ቀላል አልነበረም። ሁለት የኒዮዲሚየምና ዐሥራ ሰባት የብረት አቶሞች ያሉት ውሁድ ሙቀቱ 57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔትነቱን ያጣል። በፉጂትሱ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ማሳቶ ሳጋዋ ምክንያቱ የብረት አቶሞቹ እጅግ መቀራረብ ነው ብሎ አሰበ፤ ስለዚህም ትንሹን የቦሮን አቶም በመካከላቸው አስገብቶ ሊያራርቃቸው ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ ሱሚቶሞ ስፔሻል ሜታልስ ተዛውሮ፣ በ1983 ውጤቱን ይፋ አደረገ። በዚያው ሰሞን በጄኔራል ሞተርስ ጆን ክሮት ቅልጡን በቅጽበት በማቀዝቀዝ ከዚያው ውሁድ ደረሰ። በኋላ ሲመረመር ቦሮን በነባሩ ክሪስታል ውስጥ ሰርጎ የገባ ሳይሆን፣ ሁለት የኒዮዲሚየም፣ ዐሥራ አራት የብረትና አንድ የቦሮን አቶሞች ያሉት ፍጹም አዲስ ክሪስታል የፈጠረ ሆኖ ተገኘ። ይህም ማግኔትነቱን የሚያጣው በ312 ዲግሪ ገደማ ነው።

ሆኖም ሞተር ውስጥ የሚገባ ማግኔት ከዚህ እጅግ ዝቅ ባለ ሙቀትም ቢሆን በተቃራኒ መስክ ሊረታ ይችላል። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ከኒዮዲሚየሙ ጥቂቱን በዲስፕሮሲየም መተካት ነው። በዚህም ጽናቱ ይጨምራል፤ ነገር ግን የዲስፕሮሲየም ማግኔትነት ከብረቱ ተቃራኒ ወደ ሆነ አቅጣጫ ስለሚያመለክት ጠቅላላ ኃይሉ ይቀንሳል። ንጥረ ነገሩም ብርቅ ነው፤ ቻይና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጪ ንግድ ኮታዋን በቀነሰች ጊዜ ዋጋው አሻቀበ። ስለሆነም መሐንዲሶች ዲስፕሮሲየሙን በመላው አካል ከመበተን ይልቅ፣ ሽንፈቱ በሚጀምርበት በቅንጣቶቹ ጠርዝ ላይ ብቻ ማስረግን መረጡ።

እንግዲህ የኮባልቱ ችግር በብረት ቢቃለልም በዲስፕሮሲየም መልክ ተመልሶ መጥቷል። ማግኔት የሚመርጥ መሐንዲስም ከኃይሉ መጠን ጋር ምን በምን እንደተተካ፣ ለዚያም ምን እንደተከፈለ መጠየቅ ይገባዋል።