የታሪክ ማስታወሻ፦ ምንጩን የሚመርጥ ስርጭት

መልቲካስት አንድ ድምፅ ወይም ምስል በኮምፒውተር መረብ ለብዙ ተቀባዮች ሲላክ በየመስመሩ አንድ ቅጂ ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርግ ስልት ነው። ከአዲስ አበባ የሚተላለፍን ቪዲዮ ሾኔ ከተማ ላይ መቶ ሰው በኢንተርኔት ቢከታተል፣ በተለመደው አሠራር መቶ ቅጂ በዚያው መስመር ተግተልትሎ ይመጣል። በመልቲካስት ግን የሚመጣው አንድ ነው፤ የሚባዛውም ወደ ተመልካቾቹ ሲቃረብ ነው።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ቼሪተንና ተማሪው ስቲቭ ዲሪንግ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የዲሪንግ ሰነድ የኢንተርኔት መስፈርት ሆነ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1992 ደግሞ የኢንተርኔት መሐንዲሶች ሳንዲያጎ ላይ ያደረጉት ስብሰባ ድምፅ በሦስት አህጉራት ወደሚገኙ 20 ያህል ቦታዎች ተላለፈ።

ይሁንና የመጀመሪያው ንድፍ በሩን ወለል አድርጎ የከፈተ ነበር። ተቀባዩ ስርጭቱን ለማግኘት የተቀባዮቹን ቡድን አድራሻ ብቻ ይጠራል፤ ወደዚያ አድራሻ ማንም መላክ ይችላል። ሁለት ጣቢያዎች ሳያውቁ አንድ አድራሻ ቢይዙ ስርጭታቸው ይደባለቃል፤ ተንኮለኛም ቢገባ የሚከለክለው የለም። ላኪዎቹን ፈልጎ የማግኘቱ ሥራ መረጃን ወደ መድረሻው በሚመሩት የመረብ መሣሪያዎች፣ በራውተሮች ላይ ወደቀ፤ ለዚህም ላኪና ተቀባይ የሚገናኙበት ማዕከላዊ ራውተር መሰየም አስፈለገ። ይህም አሠራሩን አወሳሰበው።

መፍትሔውም ከዚያው ከቼሪተን ዘንድ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከሌላው ተማሪው ከሂዩ ሆልብሩክ ጋር ኤክስፕረስ የተባለውን ንድፍ አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ምንጭ መራጭ መልቲካስት በሚል ስያሜ በመስፈርት ጸደቀ። በዚህ አሠራር ቻናል የሚባለው የላኪውና የቡድኑ አድራሻ አንድ ላይ ነው። በ232 የሚጀምሩት አድራሻዎች ለዚህ ስለተመደቡ እያንዳንዱ ላኪ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቻናሎች ሊኖሩት ይችላል፤ ሌላ ላኪ ያንኑ የቡድን አድራሻ ቢጠቀምም ቻናሉ ሌላ ነው።

የተመልካቹ ኮምፒውተር ሁለቱን አድራሻዎች አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አይጂኤምፒ በተባለው ፕሮቶኮል 3ኛ ስሪት ለቅርቡ ራውተር ጥያቄውን ያቀርባል። ራውተሩ ወደ ላኪው የሚያደርሰው ጎረቤት የትኛው እንደሆነ ከመንገድ ሰንጠረዡ አይቶ ጥያቄውን ያሻግራል፤ ያም ለቀጣዩ። ጥያቄው ላኪው አጠገብ ሲደርስ፣ ወይም ቻናሉን አስቀድሞ የሚቀበል ራውተር ሲያገኝ ይቆማል። ስርጭቱ ጥያቄው የሄደበትን መንገድ ይዞ ወደ ኋላ ይወርዳል፤ በሌላ አቅጣጫ የመጣ የመረጃ እሽግ ይጣላል። ጥያቄው በየ60 ሰከንዱ ገደማ ይታደሳል፤ የመጨረሻው ተመልካች ሲወጣ ቅርንጫፉ ይቆረጣል። ማዕከላዊ ራውተር አያስፈልግም።

በኢትዮጵያ የአንድ ለብዙ ስርጭት አንዱ ምሳሌ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ (የቴሌቪዥን) ትምህርት ነው። የመጣው ግን በሳተላይት ነበር። ሳተላይት ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ሳይለይ ያዳርሳል፤ ምንጭ መራጭ መልቲካስት የሚደርሰው ለጠየቀ ብቻ ነው። ይህም የሚሆነው በመሃል ያሉት ራውተሮች ሁሉ አሠራሩን ከደገፉ ነው፤ በክፍት ኢንተርኔት ላይ ይህ እምብዛም ስላልተሳካ ስልቱ በብዛት የሚሠራው በቴሌኮም ኩባንያዎች የውስጥ ቴሌቪዥን መረቦች ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኢንተርኔት መሐንዲሶች ግብረ ኃይል በተለያዩ አስተዳዳሪዎች መረቦች መካከል የቀድሞው ልቅ አሠራር እንዲቀርና ምንጭ መራጩ እንዲተካው መክሯል።