አላለቀሰም፣ ወዛ እንጂ

ሰሞኑን በሞተር ሳይክል ጥገና ጽሑፎች ላይ አንድ ሐረግ እየተለመደ ነው፤ «የዘይት ልቅሶ»። ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ዘይት በመገጣጠሚያ በኩል ወጥቶ ሳይንጠባጠብ ላዩን ብቻ ሲያረጥብ እንግሊዝኛው «ዊፒንግ» ይለዋል። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ገለጠ፣ «ማልቀስ» የሚል አገኘ፣ ለጠፈው። ከዚያ «በቴስታታው (በሲሊንደሩ ራስ) ዙሪያ ልቅሶ ካለ አይስጉ» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይወለዳል። በአማርኛ ልቅሶ ካለ ድንኳን አለ፣ እድርተኛ አለ፣ ንፍሮ አለ። ልቅሶ ይደረሳል እንጂ በጨርቅ አይጠረግም።

«ልቅሶ» ያልተዋጠላቸው ደግሞ «የዘይት ፍሳሽ» ብለው ይጽፋሉ። ይኸኛው ቢያንስ አማርኛ ነው፤ ግን ቃሉ ሥራ ከያዘ ቆይቷል። አዲስ አበባ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ያላት ከተማ ናት፤ ፍሳሽ ሲባል አንባቢው የሚታየው ቱቦና ቦቴ ነው። ግሱም ቢሆን ጋራዥ ውስጥ ሁለት ጌታ አለው። መካኒኩ «ዘይቱን አፍስሰው» ካለ የታችኛውን ቡሎን ፍታና አሮጌውን ዘይት አውጣ ማለቱ ነው። «ዘይት ያፈሳል» ካለ ግን ብልሽት እየነገረን ነው። አጠገቡ ቆሞ ለሚሰማ ሰው ይህ ችግር የለውም። «ዘይት ማፍሰስ» የሚል ርእስ ብቻውን ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግን ስለ ዘይት ቅያሪ ይሁን ስለ ብልሽት የሚያወራው አይታወቅም።

የቃሉ ነገር ተራ ክርክር እንዳይመስል ነገሩን ባጭሩ እናንሳው። የሞተር ሳይክል ሞተር ከብዙ ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው። ሁለት ብረት በሚጋጠምበት ቦታ ጓርኒሲዮን ይገባል፤ ዘንግ እየተሽከረከረ ወደ ውጭ በሚወጣበት ቦታ ጎማ ከንፈር ያለው «ሲል» የሚባል ማሸጊያ ይገባል። ሁለቱም በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃሉ፣ ይኮማተራሉ፣ ዘይት ማሳለፍ ይጀምራሉ። እኛ አገር በብዛት የሚነዱት ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች የሚይዙት ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው። በአብዛኞቹም ያው አንድ ዘይት ሞተሩን፣ ፍሪሲዮኑንና ማርሹን ያገለግላል። ስለዚህ ዘይቱ ላዩን ማርጠቡና ጠብታ መጣሉ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ተጠርጎ ይጠበቃል፤ ሁለተኛው ዛሬውኑ ይታያል፣ በተለይ የኋላውን ጎማ የሚነካ ከሆነ። ሁለቱን በአንድ «ፍሳሽ» የጠቀለለ መመሪያ አንዱን ባለ ሞተር ያለ ምክንያት ያስደነግጣል፣ ሌላውን ያለ ምክንያት ያዘናጋል።

ታዲያ ላዩን ማርጠቡን ምን እንበለው? እጩዎቹ ብዙ ናቸው።

«ስርገት» የሚሉ አሉ። ሰረገ ጥሩ ግስ ነው፤ አቅጣጫው ግን ወደ ውስጥ ነው። ዝናብ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፤ የኛ ዘይት የሚጓዘው ወደ ውጭ ነው። «መሾለክ»ን ጋዜጠኞች ለምስጢር ወስደውታል፤ ሾልኮ የወጣ ሰነድ ሲባል የማይገባው የለም። ሾላኪ ግን ተሹለክልኮ፣ ዓይን አታልሎ የሚያልፍ ነው፤ ዘይት ዱካውን አቧራ እያለበሰ ስለሚሄድ ከእሱ የባሰ ምስጢር የማይጠብቅ የለም። «ማዣት»ን ሳስብ ልቤ ትንሽ አመንትቷል። ቁስል ያዣል፤ በቀስታ፣ ሳያቋርጥ፣ ከተከፈተ ነገር። አሠራሩ ልክ ነው፤ ነገር ግን እዥ ከሕመም ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ጉዳት የሌለበትን እርጥበት ሁሉ በሽታ ያስመስለዋል።

ከሁሉም የቀረበው «ላብ» ነው፤ «ሞተሩን አልቦታል» የሚል ሰው አይሳሳትም። ግን ላብ ውሃ ነው፣ ነፋስ ሲነካው ይደርቃል። ለቀዝቃዛ ጠርሙስና በጠዋት ቅዝቃዜ ታንከር ላይ ለሚያርፈው ጤዛም የምንጠቀምበት ይህንኑ ቃል ነው። ያው ሞተር ሳይክል ታንከሩ ላይ በውሃ፣ ሞተሩ ላይ በዘይት ሲረጥብ ሁለቱን «ላብ» ካልን መለየት የፈለግነውን መልሰን ደባለቅነው።

የእኔ ድምፅ ለ«ወዝ» ነው።

ወዝ ቅባት ያለው እርጥበት ነው። ፊቱ ወዛ ስንል ውሃ ወረደበት ማለታችን አይደለም፤ ቆዳው ከውስጡ በወጣ ቅባት ረጠበ፣ አብለጨለጨ ማለታችን ነው። ከውስጥ መምጣቱ፣ ቅባትነቱ፣ ላዩ ላይ መቅረቱ፣ ማብለጭለጩ ሁሉ ባንድ ቃል ውስጥ ገብቷል። እንግሊዝኛው እንባ ተውሶ የገለጸውን አማርኛ ያለ ውሰት ይዞታል። ቃሉ የዕድሜ ባለጸጋም ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዘፍጥረት ምዕራፍ 3 የአዳምን የእንጀራ ድካም የነገረን በፊቱ ወዝ ነው። በአብዮቱ ዘመን አዲስ መደብ መሰየም ሲያስፈልግ «ላብአደር» እና «ወዝአደር» ተፎካክረዋል፤ ወዝ ሊግ የሚባል የፖለቲካ ድርጅትም ነበረ። የማርክስን ቃል ለመሸከም ያልከበደው ወዝ የሞተር ክዳን ላይ ያለ ዘይት አይከብደውም።

ቃሉ አዲስ መልክ እንኳ አይፈልግም። ስሙ ወዝ፣ ግሱ ወዛ፤ ሞተሩ ይወዛል፣ ወዝቷል። «ውዘታ» እና «ወዛማነት» እያልን ቅጥያ መቀጣጠል አያሻንም።

ወዝ ቦታውን ከያዘ ሌሎቹም መሰላል ሠርተው ይቆማሉ። ወዙ በርክቶ ጠብታ ሆኖ ሲንጠለጠል፣ ግን ገና ሳይወርድ፣ «አቀረረ» እንላለን፤ ዓይን እንባ ሲያቀርር እንደምናውቀው። እንባ ካማረን እዚህ ላይ ይግባ። ጠብታው ሲወርድ ተንጠባጠበ፤ ክሩ ሳይቋረጥ ሲወርድ ፈሰሰ። ዘይቱ ወደ ውጭ ሳይወጣ ውስጥ ተቃጥሎ ሰማያዊ ጭስ ሲሆን ደግሞ ሰፈር ውስጥ ያለ መካኒክ ሁሉ «ዘይት ይበላል» ይላል። ይህን የፈጠረ ኮሚቴ የለም።

መሰላሉ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ብልሽት ፍለጋው ራሱ በእሱ ላይ ይሄዳል። ዘይት የሚንጠባጠበው ከታች ነው፣ የሚወዛው ግን ምንጩ ጋ ነው። ብዙ ሰው ጠብታውን ከማፍሰሻው ቡሎን ሥር አይቶ የቡሎኑን ቀለበት ይለውጣል፤ ጠብታው ግን ከቴስታታው ክዳን ተነሥቶ የወረደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ መጀመሪያ በነጭ ጋዝና በብሩሽ ታጥቦ ይደርቃል፣ ፓውደር ይነሰነስበታል፣ ከዚያ ይሞቃል፣ ጥቂት ይነዳል። ዘይት በክብደቱ ወደ ታች፣ በነፋስ ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ፓውደሩ ከረጠበባቸው ቦታዎች ከሁሉ ከፍ ብሎ ወደ ፊት የቀረበው ምንጩ ነው። የፊተኛው የሰንሰለት ጥርስ አካባቢ የሚታየው ደግሞ ሰንሰለቱ የረጨው የራሱ ቅባት እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል።

ጥገናውም ሁልጊዜ አዲስ ጓርኒሲዮን ማለት አይደለም። ዘይት ከልኩ በላይ ከተሞላ፣ ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ከተደፈነ፣ ውስጥ የታመቀው ግፊት ደህናውን ሲል ሳይቀር ያስወዛዋል። ሲሉን ለውጦ ቱቦውን ያልጠረገ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ቡሎን ማጥበቅም ልክ አለው፤ ከልኩ ካለፈ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል። ወዝ አየሁ ብሎ ሲሊኮን የሚለቀልቅም አለ፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቶ የዘይት መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ወዝን ከጠብታ የሚለይ ቃል ያለው ሰው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ጨርቅ ያነሣል።

«ጓርኒሲዮንን፣ ቴስታታን፣ ፍሪሲዮንን ከጣልያን ተቀብለህ ለአንዲት ግስ ይህን ያህል ትሟገታለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎን። ዕቃ ከነስሙ ይመጣል፤ ነውር የለበትም። ጓርኒሲዮን ሲመጣ እዚህ የሚጠብቀው ዘመድ አልነበረውም፣ ስለዚህ በስሙ ኖረ። እርጥበት ከጠባብ ቦታ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ግን ቋንቋችን ሞተር ሳያይ ያውቅ ነበር። ቋንቋ የሚደኸየው የሌለውን ሲበደር ሳይሆን ያለውን ረስቶ ሲበደር ነው።

ጣልያኖቹ «ሲል»ን «ፓራኦሊዮ» ሲሉት ዘይት ከላካይ ማለታቸው ነው፤ ከራሳቸው ቋንቋ አውጥተው፣ ሥራውን አይተው ሰየሙት። እኛም «ዘይት ከልክል» ብንለው ያስኬዳል፤ ባይያዝ ግን አልከፋም፣ «ሲል» ይቆይ። በግሶቹ ላይ ግን አልደራደርም። ሞተር ሳይክል መመሪያ የሚተረጉም ሰው አራቱን በቅደም ተከተል ያስቀምጥ፦ ከወዛ ጠርገህ ጠብቅ፤ ካቀረረ ምንጩን ፈልግ፤ ከተንጠባጠበ ዘይቱን ለክተህ ሞተሩን ወደ መካኒክ ውሰድ፤ ከፈሰሰ አጥፋና አትንዳ።